የመውጫ ፈቃድ ዋጋው ስንት ነበር?

ዛሬ ከአገር ለመውጣት የሚያስብ የእንጅባራ ወይም የዳንግላ ወጣት ጭንቀቱ የታወቀ ነው። ፓስፖርት፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ከዚያ ደግሞ የሚሄድበት አገር ቪዛ። በደርግ ጊዜ ግን ከእነዚህ ሌላ አንድ ተጨማሪ በር ነበር። የገዛ መንግሥትህ «እሺ፣ ውጣ» ብሎ መፍቀድ ነበረበት። የመውጫ ቪዛ ይባላል። የመግቢያ አይደለም፣ የመውጫ። ያለ እሱ ፓስፖርት ብትይዝ፣ ትኬት ብትቆርጥ፣ የሚቀበልህ አገር በሩን ከፍቶ ቢጠብቅህ እንኳ ቦሌን አታልፍም።

ያ በር ለአብዛኛው ሰው በጣም ጠባብ ነበር። ለአንድ ማኅበረሰብ ግን በግንቦት 1983 ዓ.ም ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወጣ። ቤተ እስራኤልን ማለቴ ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችን የምናውቀው በአውሮፕላኖቹ ነው። ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ የሚመጣውም እሱ ነው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን፣ ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሕጻናት። ከአውሮፕላኖቹ በፊት የነበሩት የዓመታት ክርክር፣ ልመናና ንግድ ግን ብዙ አይወራባቸውም። ለዛሬ ሰው ትምህርት ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። አንድ መንግሥት «ዜጋዬን አላስወጣም» ሲል ከውጭ የሚመጣ ግፊት መቼ ይሠራል? ሲሠራስ ለማን ነው የሚሠራው?

ጉዳዩ ለአዊ ሩቅ አይደለም

ቤተ እስራኤል በብዛት የኖሩት በጎንደር ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በቋራ እንዲሁም በትግራይ አንዳንድ አካባቢዎች ነው። ቋራ ከአዊዋ ጃዊ ወረዳ በስተሰሜን ያለ ቆላ ነው። ቋንቋም ያገናኛል። ዛሬ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪ ይሁኑ እንጂ የቀድሞ አባቶቻቸው ይናገሩት የነበረው ቋረኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በጸሎታቸው ውስጥም የአገውኛ ቃላት ተጠብቀው ቆይተዋል። እንጅባራ ገበያ ላይ ዛሬ የሚሰማው አገውኛ የዚያ ቋንቋ ዘመድ ነው ማለት ነው።

መንገዱም ያገናኛል። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋናው አውራ ጎዳና ባሕር ዳርን አልፎ ዳንግላ ይገባል፤ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ፣ ያኔ ብዙ ሰው ኮሶበር እያለ ወደሚጠራት ከተማ ይወጣል፤ ከዚያ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ዓባይን ይሻገራል። በ1982 ዓ.ም በሺህ የሚቆጠሩ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፉ ዋናው መስመር ይህ ነበር። ወዴት ነው የሚሄዱት? እዚያ ለመድረስ ወደኋላ ትንሽ መመለስ አለብን።

መሬት ሰጠ፣ በር ዘጋ

ደርግን በአንድ ቀለም መሳል ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ትንሽ ይወሳሰባል። በንጉሡ ዘመን ቤተ እስራኤል ርስት አልነበራቸውም። በሰው መሬት ላይ ጢሰኛ ሆነው፣ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ይኖሩ ነበር። «ፈላሻ» የሚለው ስም ራሱ አገር የለሽ፣ ፈላሽ የሚል ስድብ ያዘለ ነው። «ቡዳ» መባሉም ነበር። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ እነሱም እንደማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኙ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ያው መንግሥት በሌላ እጁ ነጠቀ። የጎንደር የበላይ የነበረው ሻለቃ መላኩ ተፈራ በቀይ ሽብር ስሙ የገነነ ሰው ነው፤ ቤተ እስራኤልም ከእጁ አላመለጡም። የዕብራይስጥ ትምህርት ተከለከለ፣ መምህራን ታሰሩ፣ ለመውጣት ሲሞክሩ የተያዙ ሰዎች ተገረፉ። መሬት ሰጥቼሃለሁ፣ ስለዚህ የትም አትሄድም የሚል መንግሥት ነበር።

በሌላ በኩል እስራኤልም ብትሆን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ነበር። አንድ ታዋቂ ረቢ፣ ኦቫድያ ዮሴፍ፣ እ.ኤ.አ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብሎ ወሰነ፤ በ1975 ደግሞ መንግሥት ወደ እስራኤል የመመለስ መብት የሚሰጠው ሕግ ለእነሱም ይሠራል አለ። ሕጉ ሲከፈት ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ኢትዮጵያ በጥቅምት 1966 ዓ.ም፣ በዮም ኪፑር ጦርነት ሰሞን፣ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣለች። ኤምባሲ የለም፣ የሚያናግር ሰው የለም።

የመጀመሪያው ንግድ፣ አንድ ንግግር ያፈረሰው

ከዚያ ሶማሊያ ወረረችን። ደርግ መሣሪያ ፈለገ፤ እስራኤል ሰው ፈለገች። እ.ኤ.አ በ1977 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤገንና መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በድብቅ ተስማሙ። መሣሪያ ጭነው የመጡ አውሮፕላኖች ሲመለሱ ቤተ እስራኤልን ይጭናሉ። በሁለት በረራ 120 የሚሆን ሰው ወጣ።

ሦስተኛ በረራ አልነበረም። እ.ኤ.አ በየካቲት 1978 የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን እስራኤል ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደምትሸጥ ስዊዘርላንድ ላይ በይፋ ተናገረ። መንግሥቱ በዚያን ጊዜ ከሶቪየትና ከአረብ ወዳጆቹ ጋር ነበር፤ ተዋረደ። በሩ ጥርቅም አለ።

ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። በድብቅ የተገኘ ፈቃድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠፋል። መብት ቢሆን ኖሮ የዳያን አፍ አያፈርሰውም ነበር። ውለታ ስለሆነ ግን ፈረሰ።

በእግር፣ በሱዳን በኩል

በሩ ሲዘጋ ሰው በአጥር ዘለለ። ፈረደ አክሎም የሚባል መምህር ሱዳን ገብቶ የእስራኤል ሰዎችን አገኘ፤ እንግዲህ በሱዳን በኩል መንገድ አለ የሚለው ወሬ በየመንደሩ ተዳረሰ። ቤተሰብ ሌሊት ተነስቶ፣ ሽማግሌና ሕጻን ይዞ፣ ሽፍታና ወታደር እየሸሸ፣ ለሳምንታት በእግሩ ወደ ገዳሪፍ ሄደ። በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች በሽታና ረሃብ ጠበቀው። በጉዞውና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት አላቸው።

ዘመቻ ሙሴ የተባለው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም ድረስ የተካሄደ ነው። አንድ የቤልጂየም አየር መንገድ ከካርቱም በድብቅ እየበረረ ወደ 8,000 ሰው አወጣ። ከዚያ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ የእስራኤል መንግሥትም አመነ፣ የአረብ አገራት ጮኹ፣ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ አስቆመው። ደርግም ዜጎቼን በሕገወጥ መንገድ እየወሰዱብኝ ነው ብሎ አወገዘ። እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ ቀረ።

እዚህ ላይ የዲፕሎማሲ ግፊት አንድ ንጹሕ ምሳሌ አለ። መቶውም የአሜሪካ ሴናተሮች በምስጢር ለፕሬዚዳንት ሬገን ጽፈው ሱዳን ውስጥ የቀሩት እንዲወጡ ጠየቁ። መቶ ከመቶ! ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ቡሽ ካርቱም ሄደው ኒሜሪን አነጋገሩ፤ በመጋቢት የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች የቀሩትን ወደ 500 የሚሆኑ ሰዎች አወጡ። ሱዳን ለምን እሺ አለች? የአሜሪካ ርዳታ ያስፈልጋታል። በቃ።

ደርግን ለምን አልገፉትም?

በዚያው ዘመን ሶቪየት ኅብረትም አይሁድ ዜጎቿን አታስወጣም ነበር። አሜሪካ ምላሹን በሕግ ሰጠች። እ.ኤ.አ በ1974 የወጣው የጃክሰንና የቫኒክ ማሻሻያ ዜጎቹ እንዳይወጡ የሚከለክል የኮሚኒስት አገር ከአሜሪካ ጋር የተመቻቸ ንግድ አያገኝም አለ። ውጤቱ እንደ አየር ጠባይ ተለዋወጠ። ዋሽንግተንና ሞስኮ ሲስማሙ፣ በ1979፣ ከ51 ሺህ በላይ ሰው ወጣ፤ ሲኮራረፉ፣ በ1986፣ አንድ ሺህ እንኳ አልሞላም። የሰው መውጣትና መቅረት የሁለት መንግሥታት ወዳጅነት መለኪያ ሆነ።

ደርግ ላይ ግን ይህ ብዙ አልሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አሜሪካ የምትቆርጠው ነገር አልነበረም። መሣሪያው ከሞስኮ፣ ወታደራዊ አማካሪው ከሞስኮ ነው። የሚነካ ገመድ የሌለው መንግሥት ቢጮኹበት አይሰማም።

ገመዱ የተገኘው ሞስኮ ቧንቧውን መዝጋት ስትጀምር ነው። መጋቢት 1980 አፍአበት፣ የካቲት 1981 ሽሬ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ የካቲት 1982 ምጽዋ። ጦሩ እየፈረሰ ነው፤ ጎርባቾቭ ደግሞ ከእንግዲህ አልችልም እያለ ነው። መንግሥቱ አዲስ በር ማንኳኳት ነበረበት። በ1982 ዓ.ም መጀመሪያ ከእስራኤል ጋር የነበረው ግንኙነት ከ16 ዓመት በኋላ ታደሰ። ኤምባሲው አዲስ አበባ ተከፈተ።

የዲፕሎማሲን ነገር ዳንግላም ከድሮ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ተቀማጭነቱ እዚያ ነበር፤ ጣናንና ዓባይን ዞሮ ያጠናው ያኔ ነው። እንግሊዝ ቆንስል ያስቀመጠችው ለዳንግላ ፍቅር ይዟት አይደለም፤ ሱዳንና ውሃው ስለሚያሳስቧት ነው። መንግሥታት እንዲህ ናቸው። በ1982ም የሆነው ከዚህ አይለይም።

ፈቃድ በኮታ

ኤምባሲው መከፈቱ ሲሰማ የጎንደር መንደሮች ተነቃነቁ። ለኢትዮጵያ አይሁድ የሚሟገት አንድ የአሜሪካ ማኅበር ሰዎች ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ መኪና ማመቻቸት ጀመረ። በዚያ ዘመን ከአገር መውጣት ይቅርና ከአውራጃ አውራጃ ለመሄድም ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። በየኬላው ወታደር አለ። ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ልጆቹን ጭኖ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቆ በዳንግላና በኮሶበር በኩል አለፈ። በ1982 ዓ.ም ክረምት ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ቤት ተጣቦ ነበር።

ከተማው ለደጋ ገበሬ አልተመቸም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሽታ ብዙ ሕጻናት ገደለ። ጆይንት የሚባለው የአይሁድ ርዳታ ድርጅት ክትባትና ክሊኒክ ሲያቋቁም ነው ሞቱ የቀነሰው። እና ይጠብቃሉ። ፈቃዱ የሚሰጠው «ቤተሰብ ማገናኘት» በሚል ስም፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። መንግሥቱ መሣሪያ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ሲያደርግ ፈቃዱ ይጨምራል፤ ተስፋው ሲመነምን ይቆማል። አሜሪካ ደግሞ እስራኤልን መሣሪያ እንዳትሰጪው እያለች ትጫናለች። ስለዚህ እስራኤል በሁለት ግፊት መሃል ናት፤ መሣሪያ ካልሰጠች ሰው የለም፣ ከሰጠች ዋሽንግተን ትቆጣለች።

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ይታወቃሉ። በኢትዮጵያ በኩል ካሳ ከበደ፣ እስራኤል የተማረ፣ ዕብራይስጥ የሚናገር የመንግሥቱ ታማኝ። በእስራኤል በኩል ኡሪ ሉብራኒ፣ በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ አምባሳደር የነበረው፣ እና አምባሳደሩ አሸር ናይም። በአሜሪካ በኩል የኤምባሲው ጉዳይ ፈጻሚ ሮበርት ሁዴክ።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

በየካቲት 1983 ዓ.ም ኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስን ከፈተ። በሳምንታት ውስጥ ጎጃምና ጎንደር ከደርግ እጅ ወጡ፤ ዳንግላም እንጅባራም እንደዚያው። አውቶቡሶቹ ያለፉበት መንገድ አሁን ከግንባሩ ማዶ ቀረ። ያላለፈ አላለፈም።

በሚያዝያ ፕሬዚዳንት ቡሽ የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝን ልዩ መልእክተኛ አድርገው ወደ መንግሥቱ ላኩ። መልእክቱ በአጭሩ፣ ሰዎቹን ልቀቅ፣ እኛ ደግሞ በሰላም ድርድር እንገባለን የሚል ነው። ግንቦት 13 መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ኮበለለ። ሥልጣኑን የተረከቡት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ከቡሽ ሌላ ደብዳቤ ደረሳቸው። አሜሪካ የለንደኑን ድርድር ትመራለች፤ አማጽያኑም ወደ ከተማው ለመግባት እንዳይቸኩሉ ትጠይቃለች። ከፍ ብሎ የተጀመረው የገንዘብ ጥያቄ 35 ሚሊዮን ዶላር ላይ ቆመ፤ ብሩን ያዋጡት የአሜሪካ አይሁድ ናቸው።

ከዚያ ግንቦት 16 እና 17። 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 14,325 ሰው። አንዱ ጃምቦ ጀት ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ተነሳ። በሰማይ ላይ የተወለዱ ሕጻናት አሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 20፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ክፈቱ። 35 ሚሊዮንን ለ14,325 አካፍሉ። ለአንድ ሰው 2,443 ዶላር ገደማ ይመጣል። ስሙ ወጪ ማካካሻ ይባል፣ ርዳታ ይባል፣ ሒሳቡ ያው ነው። የዜጋ መውጣት ዋጋ ወጥቶለታል።

ታዲያ ክፉ ነበር?

አይደለም። በዚያ ሳምንት ማንም የአዲስ አበባን ዕጣ አያውቅም ነበር፤ ሞቃዲሾ ከጥቂት ወራት በፊት የሆነችውን ሁሉ አይቷል። 14 ሺህ ሰው በሕይወት ወደ ዘመዱ ደርሷል። ከፋዩን መውቀስ አይቻልም፤ የታገተ ሰው ቤተሰብ ቤዛ ሲከፍል ጥፋቱ የአጋቹ ነው።

ግን ሌላውን ወገን እንይ። በዚያው ዓመት አፈሳ ሸሽቶ ጫካ ያደረ የዳንግላ ልጅ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ያልተመለሰ የእንጅባራ ልጅ፣ እሱም መውጣት ይፈልግ ነበር። ስለ እሱ የሚጽፍ ሴናተር፣ የሚደራደር አምባሳደር አልነበረውም። ከውጭ የመጣው ግፊት በሩን ለአንድ ማኅበረሰብ ከፈተ እንጂ ማጠፊያውን አልነቀለም። የመውጫ ቪዛው ሥርዓት ለቀሪው ሕዝብ እንደነበረ ቆየ። ውጫዊ ግፊት የሚፈልገውን ሰው ለይቶ ያወጣል፤ ሕጉን መለወጥ የቀሪዎቹ ሥራ ነው።

ለቤተ እስራኤልም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። ቋራ ውስጥ የነበሩት በጦርነቱ ምክንያት ቀርተው ነበር፤ የተወሰዱት ከደርግ መውደቅ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1992 እና በ1999 ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉ ቤተሰቦች ደግሞ በግንቦት 1983 ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እስካሁን በጎንደርና በአዲስ አበባ ይጠብቃሉ። እስራኤል አልፎ አልፎ ቁጥር ቆርጣ ትወስናለች፤ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2020 የጀመረው ጹር እስራኤል የተባለው ጉዞ ከእነዚህ አንዱ ነው። አዲስ አበባ አሁን አትከለክልም። ቁልፉ ኢየሩሳሌም ሄዷል፤ ሰልፍ የሚወጡትም እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ዘመዶቻቸው ናቸው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት አለው ይላል። አጭር አንቀጽ ነው፤ ብዙ ሰው አያነበውም። ከፊቱ ግን የሱዳን መንገድ ላይ የቀሩት አራት ሺህ ሰዎች፣ የአፈሳው ልጆች፣ በዶላር የተቆጠሩት ቤተሰቦች አሉ። ይህ አንቀጽ ለማንም ሳይደራደር፣ ማንም ሳይከፍልለት እንዲሠራ ነው የተጻፈው። አንድ ቀን ማንም ባለሥልጣን «ማን ይውጣ፣ ማን ይቅር» ብሎ መምረጥ ቢጀምር ምን እንደሚመስል አውቀን እንቃወመው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በ1982 ዳንግላ ላይ ለመንገደኛ ሻይ የሸጡ፣ ኮሶበር ላይ አልጋ ያከራዩ፣ ኬላ ላይ ወረቀት ያዩ ሰዎች ዛሬ 60 እና 70 ዓመት አልፏቸዋል። ከጎንደር ስለመጡት ቤተሰቦች የሚያስታውሱት ነገር ይኖራል። አያታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ጠይቁ፤ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። የአውሮፕላኑ ክፍል በሚገባ ተቀርጿል፤ የመንገዱ ክፍል ግን ያለው እነሱ ዘንድ ብቻ ነው።